የማንፈልገው ጋዝ መውጫ

የላብራቶሪውን ቁልፍ ባስረከብኩበት ቀን አንዲት ወጣት መምህርት ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ። «እትዬ አስቴር፣ የባዮጋዙ ሥራ እንደገና ሊጀመር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከጋዙ የሚለየውን ሽፋን በእጁ የሠራ ሰው ከእርስዎ በቀር ሆሳዕና ውስጥ የለም። እባክዎ አሠራሩን ይጻፉልን» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። በዚያ ሥራ የተነሳ ዳምቦያ አጠገብ አንድ ሰው ሞቷል፤ እኔ አፌን ስለዘጋሁም የሞቱ ጥፋት በሚስቱ ላይ ወድቆ ከርሟል። ይህን ዘልዬ ስለ መስታወትና ስለ ሚዛን ብቻ ብጽፍ ልጅቷን ማታለል ይሆንብኛል። ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የምትፈልገውን ትውሰድ።

ሥራ የጀመርኩት ሾኔ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ነው። ቤተ ሙከራው ግን ዘወትር የተቆለፈ ክፍል ነበር። ርእሰ መምህሩ ብርጭቆ እንዳይሰበር ብለው ተማሪ አያስገቡም፤ እኔም አቧራ ስጠርግ እውል ነበር። ደመወዙ ሲነገር ስለሚያሳፍር አልናገረውም። ብዙ ማመልከቻ ጽፌ፣ ብዙ ማኅተም ለምኜ፣ በመጨረሻ ወደ ተወለድኩበት ወደ ሆሳዕና ተዛወርኩና ኮሌጁ ውስጥ በጋሽ ይልማ እጅ ወደቅሁ።

ጋሽ ይልማ የኬሚስትሪ ዶክተር ናቸው፤ ዶክተር ብሎ የሚጠራቸውን ሰው ግን «የት ጋ ነው ያመመህ?» እያሉ ያፌዙበታል። ወላጆቻቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ሀዲይኛን ከእኔ አጎቶች አሳምረው ይናገራሉ። እርሳስ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ስህተቱን ማረም አይወድም ባይ ናቸው። የግፊት መለኪያውን በጥፍራቸው ሳያንኳኩ አያነቡም። አንድ ብሎን ያጠበቀ ሰው ያንኑ ብሎን ራሱ እንዲፈትሽም አይፈቅዱም፤ እኔ ያጠበቅሁትን እሳቸው በሳሙና አረፋ ይፈትሻሉ፣ የእሳቸውን እኔ። አረፋው ካበጠ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው። የእሳቸውን ስህተት ሳጋልጥ ልጃቸው የተመረቀች ያህል ይደሰቱ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ማሽን ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ቱቦ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በጣታቸው እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ቱቦው ግድግዳ ከበሳ ዞረው ይወጡና በውጭ በኩል ይቀጥላሉ። ዝናብ ቢሆን ጃንጥላ ይዘው ነው። አንድ ቀን ሰለቸኝና «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ የዘረጋሁት» አልኳቸው። «የምንፈልገውን ጋዝ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ድስት ተጥዶበታል። የማንፈልገውን ማን ያየዋል?» አሉኝ። ያኔ እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ሰምቼ አለፍኩት።

አሁን ስለ ሽፋኑ። ከእበት የሚወጣው ጋዝ ሁሉ አይነድም። የሚነደው ሚቴን ነው፤ ከእሱ ጋር ግን የማይነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እኛ በአጭሩ ካርቦን የምንለው፣ ተቀላቅሎ ይመጣል፤ እሳቱን ያደክማል፣ ሞተርም ላይ ሲገባ ጉልበት ያሳጣዋል። እኛ ካርቦኑን የምንለየው ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን ነው። ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክ ያለ ነገር፣ ከአዮኒክ ሊኩዊድ ጋር አብሮ ይሟሟል። አዮኒክ ሊኩዊድ ሳይሞቅ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ጨው ነው። ጋዙ በግፊት ሲመጣ ካርቦኑ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ሽፋኑን አልፎ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ ሚቴኑ ብዙም ስለማይሟሟ ወደኋላ ይቀራል። ሲነገር ይህን ያህል ነው።

ሲሠራ ግን ልብ ያደርቃል። ድብልቁ እንደ ማር እስኪከብድ ድረስ ቀስ ብሎ ይማሰላል። አረፋው እስኪወጣለት ይቀመጣል። ከዚያ መስታወት ላይ ይፈስና በምላጭ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ተይዞ ይሳባል። መስታወቱ በውሃ ልክ ካልተስተካከለ በአንድ በኩል ይወፍራል፤ የወፈረው በኩል አያሳልፍም፣ የሳሳው በኩል ይቀደዳል። የሆሳዕና ጉም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ጠዋት የዘረጋሁት ሽፋን ሁሉ ዓይኔ እያየ እንደ ወተት ነጭ ይሆንብኝ ነበር፤ እርጥበቱ ገብቶ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይሞላዋል። አንድ ክረምት ሙሉ የሠራሁትን ከጣልኩ በኋላ ጋሽ ይልማ የዳቦ ሳጥን ገልብጠው መስታወቱ ላይ ደፉት፣ ከሥሩም እርጥበት የሚመጥ ፍሬ አስቀመጡበት። ያን ጊዜ የወጣው ሽፋን በመስኮቱ ብርሃን ሲታይ ከመስታወቱ አይለይም ነበር። የዚያን ቀን ደስታ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ጋሽ ይልማ ጡረታ ሲወጡ ሥራው ለእኔ ቀረ፤ ከላዬ አዲስ አስተባባሪ ተመደቡ፣ አቶ ተሻለ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሪፖርት ግን ከምግብ በላይ ይወዳሉ። በእሳቸው ጊዜ ሽፋናችን ከላብራቶሪ ወጥቶ መስክ እንዲሠራ ተወሰነና ዳምቦያ አጠገብ ሄራሞ የሚባል ገበሬ ግቢ ውስጥ ተከልነው። ሄራሞ ከጎረቤቶቹ ጋር የቆፈረው ትልቅ የባዮጋዝ ጉድጓድ ነበረው፤ ከጎኑ ደግሞ የእህል ወፍጮ። መብራት በጠፋ ቁጥር የቆመው ወፍጮ በጠራ ሚቴን ሲዞር ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ መጣ። ሚስቱ በላይነሽ ሳቂታ ሴት ነች። «እትዬ አስቴር፣ የላሞቼ እበት እንዲህ የተከበረው በአንቺ ነው» ትለኝ ነበር። ዳምቦያ ስሄድ እነሱ ቤት ሳልበላ ተመልሼ አላውቅም።

ካርቦኑ የሚወጣበትን ቱቦ መጀመሪያ ያቆምኩት እንደ ተማርኩት ከጣሪያ በላይ ነው። ክረምቱ ሲገባ ግን ዝናብ በቱቦው እየገባ ሽፋኑን አረጠበብኝ። ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። አቶ ተሻለ በየቀኑ ይደውላሉ። በመጨረሻ ቱቦውን ከጣሪያው አወረድኩና በግድግዳው ሥር አሳልፌ አፉን ወደ ታች፣ ወደ እንሰቱ ማሳ አዞርኩት። ከብት እንዳይረግጠውም ጫፉን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ሸፈንኩት። ዝናቡ ሲያባራ መልሼ እሰቅለዋለሁ አልኩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚከብድ፣ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንደሚወርድ ለስንት ተማሪ አሳይቻለሁ። እንሰት ባለበት ቆጮ ተቀብሮ የሚብላላበት ጉድጓድ እንዳለም ለሆሳዕና ልጅ የሚነግራት ሰው አያስፈልግም። ሁለቱን አውቃለሁ፤ አንድ ላይ አላሰብኳቸውም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ይልማ ደወሉ። ሽፋኑ ደረቀልኝ ስላቸው ደስ አላቸውና «የካርቦኑ ቱቦ የት ያልቃል?» አሉኝ።

«ውጭ» አልኳቸው።

«ውጭ የት?»

«ጋሼ፣ ውጭ ነዋ! ሜዳ ነው።» ተቆጥቼ ነበር። እሳቸው ስለ ጤናዬ ጠይቀው ስልኩን ዘጉ።

መስቀል ሲደርስ ወፍጮው ፋታ አጣ። በሌላ ጊዜ በቀን ለጥቂት ሰዓት የሚሠራው ማሽን ለበዓሉ የሚያስፈጭ ሰው ተሰልፎ በተከታታይ ከጠዋት እስከ ማታ ዋለ። ጠዋት ላይ ልፈትሸው ሄድኩ። ሚቴኑ የጠራ፣ ግፊቱ የተስተካከለ፤ ኮራሁ። ብዙ ሚቴን ሲጠራ ብዙ ካርቦን ይወጣል፤ እሱን ግን ማን ያየዋል። በላይነሽ ቢላና ቅጠል ይዛ በወፍጮው በር በኩል አለፈች። «ለበዓል ከታችኛው ጉድጓድ የቆየውን ቆጮ ላውጣ፣ እሱ ነው የሚጣፍጠው» አለችኝ። የጉድጓዱ ቆጮ ወደ ማለቁ ስለነበረ ከሥሩ ለማውጣት ውስጡ መግባት ግድ ነው። እኔ መለኪያውን እያየሁ ነበር፤ ቀና ብዬ እንኳ በደንብ አላየኋትም።

ጥቂት ቆይቶ ሄራሞ ተጣራ፤ መልስ የለም። ወደ ማሳው ሲወርድ አየሁት። ወዲያው የእናቱ የእማማ አማረች ጩኸት ተሰማ። ሮጬ ስደርስ በላይነሽ ግማሽ አካሏ ከጉድጓዱ አፍ ውጭ ተደፍታለች። ሄራሞ ገብቶ በትከሻው ገፍቶ አውጥቷታል፤ እሱ ግን ውስጥ ወድቋል። የሄራሞ ወንድም ልብሱን ጥሎ ሊዘል ነው።

ያን ጊዜ ነው ቱቦውና ጉድጓዱ አንድ ላይ የመጡልኝ። ጮህኩ።

«እንዳትገባ! የገባ ሁሉ ይሞታል!»

«ወንድሜ ነው!» ብሎ ገፈተረኝ። እግሩ ላይ ተጠመጠምኩበት።

«ውስጡ አየር የለም! በታች በኩል ቁረጡት፤ እንደ ውሃ ነው፣ ይፈስሳል! በዶማ! በታች በኩል!»

ሰዎቹ እብድ ያዩ ያህል አዩኝ። በላይነሽን የያዙት ሴቶች ወደ ጥላው ጎተቷት። እኔ ተነስቼ ወደ ማሽኑ ሮጥኩ፣ አጠፋሁት፣ ቱቦውን ከቅጠሉ ሥር መንጭቄ ወደ ወፍጮው ቤት ወረወርኩት። ስመለስ አንድ ሽማግሌ «እንዳለችው አድርጉ!» እያሉ ነበር። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ሦስት ሰዎች የጉድጓዱን የታችኛውን ግድግዳ በዶማ ናዱት። ምንም የሚታይ ነገር አልወጣም፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። እያንዳንዷ የዶማ ምት እኔን የምትመታኝ ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ በጋቢ አናፈሱ። በቃ ስል ሁለት ሰዎች ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ገቡና አወጡት። በላይነሽ ጥላው ሥር ማስመለስ ጀምራለች። ሄራሞ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ አቶ ተሻለ ቢሮ ጠሩኝ። ወንበር አቀረቡልኝ፣ አዘኑ፤ ያዘኑትም ከልባቸው ነበር።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ቆጮ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል ወይስ አያወጣም?»

«ያወጣል።»

«የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሊያፍን ይችላል?»

«ይችላል፣ ግን...»

«እንግዲያው ሪፖርቱ ላይ እሱን ይጻፉ። ውሸት አይደለም። ሌላውን ከጻፉ ግን ሥራው ይዘጋል፣ እርስዎም ይጠየቃሉ። ሄራሞ አይመለስም።»

ጻፍኩት። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። የቱቦውን ነገር ማንም አላነሳም፤ እኔው ራሴ መንጭቄ አንስቼው ስለነበር መርማሪዎቹ ሲመጡ ማሳው ላይ ያዩት ነገር የለም። ያኔ ያነሳሁት ሰው ለማትረፍ ነው። በኋላ ግን ለእኔም እንደጠቀመኝ አውቃለሁ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እጽፈዋለሁ።

ወፍጮው እንደገና ተነሳ፤ የሄራሞ ወንድም ያዘው። እኔ ቱቦውን መልሼ ከጣሪያ በላይ ሰቀልኩ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲያ እነሱ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሥራዬን እጨርስና በባጃጅ እሸሻለሁ። ቤት ግቢ የሚለኝም ቀርቶ ነበር፤ ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እውነቱን የሰማሁት ዳምቦያ ገበያ ነው። ቆጮ ስገዛ ሻጯ ከማን እንደሆነ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። «አይዞሽ፣ ይሄ ከዚያች ሴት ቤት አይደለም።»

«ከየትኛዋ?»

«ከሄራሞ ሚስት ነዋ። ቢሮ ራሱ ጽፏል አሉ፤ ቆጮው ነው የገደለው ብሎ። ውሃውን በደንብ ሳትጨምቅ ቀብራው፣ ተበላሽቶ መርዝ ሆነ። ባሏን በእጇ ገደለችው። አሁን ማን ከእጇ ይበላል? አማቷ እንኳ ለብቻዋ ነው የምታበስለው።»

ቢሮ የተባልኩት እኔ ነኝ። አንዲት የከምባታ ሴት የምትመሰገነው በቆጮዋ ነው፤ እንሰቱን ፍቃ፣ ጨምቃ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ወራት ጠብቃ በምታወጣው። በላይነሽን ከዚህ በላይ በምን ልመታት እችል ነበር? የገዛሁትን ቆጮ እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

በቀጥታ ጋሽ ይልማ ቤት ሄድኩ። ጉልበታቸው ታሞ ወንበር ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በስልክ የተቆጣኋቸውን ጭምር። «ብለውኝ ነበር» ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ብለውኝ እንደነበር አላነሱም።

«ለማን ነው የምትነግሪው?» አሉኝ።

«ለአቶ ተሻለ ደብዳቤ...»

«ደብዳቤው የአንቺና የመሥሪያ ቤትሽ ጉዳይ ነው። በላይነሽ ፋይል ታነባለች? ሄደሽ ለሽማግሌዎቹ ንገሪ፤ እሷ ባለችበት።»

«አብረውኝ ይምጡ፣ ጋሼ።»

«አልመጣም። እኔ ካለሁ ስለ ሽፋኑ ማስረዳት ትጀምሪያለሽ።»

ደብዳቤውንም ጻፍኩ፤ ተገቢውን አገኘሁ። ሥራው ተዘጋ፣ ሽፋኖቹ ካርቶን ውስጥ ገቡ፣ እኔ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ፤ ወደ ላብራቶሪ የተመለስኩት ለጡረታ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። አቶ ተሻለ ከዚያ ወዲያ ሰላም አይሉኝም። ፍርዱ ቀለለብኝ እንጂ አልከበደብኝም።

ዳምቦያ የሄድኩት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሽማግሌዎቹ በሄራሞ ቤት ተሰብስበው ነበር፤ የተጠሩት በላይነሽ ወደ ወላጆቿ ትመለስ ወይስ ትቆይ የሚለውን ለመነጋገር እንደሆነ በር ላይ ሰማሁ። እማማ አማረች ከመካከል ተቀምጠዋል። በላይነሽ ከበሩ አጠገብ፣ ከሰው ፈንጠር ብላ። ያቺ ሳቂታ ሴት ከስታ ፊቷ ተለውጧል።

ቆሜ ተናገርኩ። ሽፋን አላልኩም፣ ፖሊመር አላልኩም። «ማሽኔ የማይፈለግ ጋዝ ያወጣል። ከባድ ነው፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። ቱቦውን እኔ ነኝ ወደ ማሳው ያዞርኩት። ጉድጓዱን የሞላው እሱ ነው። ሄራሞን የገደለው የእኔ ጋዝ ነው። ቆጮው ነው ብዬ የጻፍኩት ሥራዬን ፈርቼ ነው።»

በዚያ ቀን «እንዳለችው አድርጉ» ያሉት ሽማግሌ ጠየቁኝ።

«ሽታ አለው?»

«የለውም፣ አባባ።»

«ቀለምስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ እዚያ እንደነበረ በምን አወቅሽ?»

«ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። በታች በኩል ቁረጡ ያልኳችሁ ስለማውቀው ነው።»

የሄራሞ ወንድም ተነሳ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝም አልሸሽም ነበር። ሽማግሌው በእጃቸው አስቀመጡት። በላይነሽ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ታይ ነበር። ቀና አለች፤ ያየችው ግን እኔን ሳይሆን አማቷን ነው።

«እማዬ፣ ውሃውን ጨምቄዋለሁ። እጄ እስኪላጥ ጨምቄዋለሁ።»

«ጨምቀሽዋል» አልኳት። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

እማማ አማረች ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና በከምባትኛ አንድ ነገር አዘዙ። ትርጉሙን ያወቅሁት በላይነሽ ወደ ጓዳ ስትሮጥ ነው። የራሷን ቆጮ በሰሃን ይዛ መጣች። እማማ አማረች ቆርሰው ጎረሱ። ሁሉም እያያቸው ቀስ ብለው አላመጡና ዋጡት። ሁለተኛውን ቁራሽ በላይነሽን በእጃቸው አጎረሷት። እሷ እያለቀሰች ነበር የምታኝከው።

ከዚያ ሰሃኑ ከሰው ወደ ሰው ዞረ። ሽማግሌዎቹ በሉ፣ የሄራሞ ወንድም በላ፣ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩት ጎረቤቶች እንኳ ደረሳቸው። እኔ ጋ ሲደርስ የያዘችው ሴት ቆም አለችና እማማ አማረችን አየች። እሳቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ ሰሃኑ አለፈኝ።